የጎን ጉድጓድ መስኮትና የፍሬዛ ስህተት

የጎን ጉድጓድ ወይም ሳይድትራክ ቀድሞ ከተቆፈረ የነዳጅ ወይም የጋዝ ጉድጓድ ጎን ተገንጥሎ የሚወጣ አዲስ ጉድጓድ ነው። የቁፋሮ ዕቃ ታች ተቀርቅሮ ሲቀር፣ የታችኛው ክፍል ሲደረመስ ወይም ጋዝ አዘሉን ዐለት በሌላ አቅጣጫ ማግኘት ሲያስፈልግ እንደገና ከምድር ገጽ ከመጀመር ያድናል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ዊፕስቶክ የሚባል ረጅም የብረት ሽብልቅ በኬዚንጉ፣ ማለትም ጉድጓዱን በሚሸፍነው የብረት ቱቦ፣ ውስጥ ይተከላል፤ ፍሬዛ የሚባለው ብረት መቁረጫ በሽብልቁ ላይ እየተንሸራተተ የኬዚንጉን ግድግዳ ይበላና መስኮት ይከፍታል። የሽብልቁ ዝቅዝቃት 3 ዲግሪ ቢሆን፣ በ9⅝ ኢንች ኬዚንግ ውስጥ ርዝመቱ ከ4 ሜትር ያልፋል። ፍሬዛው ከዚህ መንገድ ሲስት ማንም በዓይኑ አያየውም። ስህተቱን በጊዜው ለመያዝ የሚያስችለው ዋና ማስረጃ በቁፋሮ ጭቃው ታጥቦ የሚወጣው ብረት፣ ሲሚንቶና ዐለት ነው። የቁፋሮ ማሽኑ (የሪጉ) ጠቋሚዎች ምልክት የሚተረጎመውም ከዚህ ማስረጃ ጋር ሲመሳከር ነው።

ጉዳዩ ለምሥራቅ ኢትዮጵያ ሩቅ አይደለም። በኦጋዴን ተፋሰስ የሚገኘው የካሉብ ጋዝ የታወቀው በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካው ቴኔኮ ባካሄደው ቁፋሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሶቪየት ባለሙያዎች፣ ቀጥሎም የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል በአካባቢው ሠርተዋል። የሞሮኮው ኦሲፒ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2016 ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር የተፈራረመበት የማዳበሪያ ፋብሪካም በዚሁ ጋዝ እንዲሠራ፣ ቦታውም ድሬዳዋ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። የካሉብና የድሬዳዋ የዐለት ዝምድና ደግሞ ከዕቅዱ ይቀድማል። በካሉብ ጋዝ ከያዙት ዐለቶች አንዱ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው፤ ከበላዩ የሐማንሌይ የኖራ ድንጋይ ተነጥፏል። ሁለቱም በድሬዳዋ ዙሪያ ባሉት ተዳፋቶች ላይ ወጥተው ይታያሉ። በካሉብ በጥልቀት የተቀበረውን ዐለት ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ በእጅ መያዝ ይቻላል፤ ናሙና መለየት ለሚማር ባለሙያ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ወደ መስኮቱ ስንመለስ፣ በጭቃው ከሚወጡት ማስረጃዎች ሁሉ የመጀመሪያው የብረቱ ሚዛን ነው። በሜትር 70 ኪሎ የሚመዝን ኬዚንግ ላይ 5 ሜትር መስኮት ቢከፈት፣ የሚነሳውም በአማካይ የክቡ ሩብ ነው ብንል፣ ወደ 90 ኪሎ የሚጠጋ ብረት መውጣት አለበት። በጭቃው መመለሻ ቦይ የተተከሉ ማግኔቶች የሰበሰቡት በየሜትሩ ታጥቦ ሲመዘን የሥራው ታሪክ ይነበባል። ብረቱ ከሚጠበቀው ቀድሞ ከነጠፈ ፍሬዛው ሽብልቁን ሳይጨርስ ወደ ዐለቱ አምልጦ መስኮቱን አሳጥሮት ሊሆን ይችላል። መስኮቱ ማለቅ ካለበት ጥልቀት በኋላም ብረት መውጣቱን ካላቆመ፣ ፍሬዛው የኬዚንጉን ጎን እየላገ ቁልቁል እየወረደ ወይም ሽብልቁን ራሱን እየበላ ነው። ታች የሚቀር ብረት ስላለ ሚዛኑ አይታመንም የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነትም ሁሉም አይወጣም። ነገር ግን ጉድለቱ ራሱ መልእክት ነው፦ ጭቃው ብረቱን መሸከም እስኪያቅተው ቀጥኗል፣ ወይም ብረቱ እንደ ወፍ ጎጆ ተጠላልፎ መንገድ ላይ ቀርቷል። ሁለቱም ወደፊት ከመቀጠል በፊት መፍትሔ ይሻሉ።

ቀጥሎ የፍቅፋቂው ቅርጽ ይታያል። በድሬዳዋ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ቶርኖ ላይ የሠራ ሰው ስለቱ መብላቱንና መፋተጉን ከሚወርደው ፍቅፋቂ እንደሚለይ ሁሉ፣ እዚህም አጭርና ወፍራም ቁራጭ የጤናማ አቆራረጥ ምልክት ነው። ፀጉር መሰል ረጅም ክር ወይም ዱቄት ሲበዛ ግን ጫናው ትክክል አይደለም፣ ወይም ስለቱ ዶልዱሟል። ይህ ልዩነት ትልቅ ዋጋ የሚኖረው የፍሬዛው እምብርት የኬዚንጉ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ነው። የሚሽከረከር ነገር መሐሉ ላይ ፍጥነት ስለሌለው በዚያ ቦታ አይቆርጥም፤ ሥራው ይዘገያል። የሪጉን ጠቋሚ ብቻ የሚያይ ሰው ፍሬዛው አልቋል ብሎ ያወጣዋል፣ ወይም ጫና ጨምሮ ይሰብረዋል። ፍቅፋቂውና ሚዛኑ እስከዚያ ድረስ ደህና ከነበሩ፣ ጥልቀቱም ከተሰላው ጋር ከተገጣጠመ፣ የሚሻለው ጫናን ሳያበዙ መታገሥ ነው።

ሦስተኛው የሲሚንቶና የዐለት ቅደም ተከተል ነው። ፍሬዛው ኬዚንጉን ሲበሳ ከጀርባው ያለው ሲሚንቶ ይመጣል፤ ዐለት እየበዛ መሄዱ ደግሞ ፍሬዛው ከኬዚንጉ ወደ ዐለቱ መውጣቱን ያመለክታል። ሐማንሌይን በመሰለ የኖራ ድንጋይ ውስጥ ግን ዓይን በቀላሉ ይሳሳታል፦ ሲሚንቶውም ድንጋዩም ግራጫ ናቸው፣ አሲድ ሲነካቸውም ሁለቱም ይፈላሉ። እዚህ ላይ ፌኖልፍታሊን ይረዳል፤ ሲሚንቶውን ሐምራዊ ቀለም ሲያለብሰው የኖራ ድንጋዩን አይለውጠውም። ጭቃው ራሱ አልካሊ ስለሆነ ቁራጩ ታጥቦ፣ ተሰብሮ፣ ጠብታው በአዲሱ ገጽ ላይ መውደቅ አለበት። ናሙናው ከጥልቁ እስኪወጣ የሚፈጀው ጊዜም ተቀንሶ ካልተሰላ ሁሉም ነገር በተሳሳተ ጥልቀት ይመዘገባል።

ዘመናዊ መለኪያ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ይባል ይሆናል። በመሣሪያው ላይ የሚገጠመው ማግኔታዊ አቅጣጫ ጠቋሚ በብረት ኬዚንግ አጠገብ ይታወካል፤ ከፍሬዛውም ሜትሮች ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ስህተቱን የሚነግረን ከተፈጸመ በኋላ ነው። ጋይሮስኮፕ ከማግኔት ነፃ ስለሆነ ሽብልቁ ወደታሰበው አቅጣጫ መዞሩን ለማረጋገጥ አስፈላጊ ነው፤ የመስኮቱን ጠርዝ ግን አያሳይም። ጠርዙ የሚፈተነው ፍሬዛውን ከመስኮቱ በላይና በታች ደጋግሞ በማመላለስ፣ በመጨረሻም ሽክርክሪትንና ፓምፕን አቁሞ በማሳለፍ ነው። በዚያን ጊዜ በአንድ ጥልቀት ላይ ተደጋግሞ የሚይዝ ነገር ካለ፣ ለአዲሱ ጉድጓድ የሚሆነው ጠንካራው የቁፋሮ ዘንግ ከመግባቱ በፊት ጠርዙ እንደገና መላግ አለበት።