ለሁሉም «አቤት» የምትለው ኮከብ

የዛሬው ትረካ የሚውለው ኔታንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1929 ሜዲትራኒያንን ቁልቁል በሚያየው ገደል አፋፍ ላይ የተቆረቆረችው፣ በአልማዝ ጠራቢዎቿ ስሟ የተነሣው፣ ኋላም ከጎንደር ገጠር ለመጣው ወገናችን ቤት የሆነችው ከተማ። ከደቡብ ጫፏ ፖሌግ የሚባል የሥራ ቀጠና አለ። ትረካዬ እዚያ አንድ ፎቅ ላይ፣ በአንዲት ትንሽ የኮምፒውተር ድርጅት ውስጥ ሁለት ሰዎች ያስቀምጣል። ሰዎቹንም ድርጅቱንም ትረካዬ ፈጥሯቸዋል። የሚገጥማቸው ብልሽት ግን በዲኤንኤስ፣ ማለትም የኢንተርኔት ስሞችን ወደ አድራሻ በሚለውጠው ሥርዓት፣ ኮከብ ምልክት በተጻፈበት ዞን (የአንድ ዶሜይን ስሞች መዝገብ) ሁሉ ሊደርስ የሚችል ነው፤ የምጠራቸው ዓመቶችና ሌሎች ስሞችም እውነተኛ ናቸው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንደኛው ሰው በ1984 ዘመቻ ሙሴ ሲጀመር ከወላጆቹ ጋር የሱዳንን በረሃ አቋርጦ የመጣ፣ ዛሬ ፀጉሩ የሸበተ ባለሙያ ነው። ሁለተኛዋ እዚሁ ተወልዳ አማርኛን ከአያቷ አፍ የተማረች ወጣት ናት፤ እሱን «ጋሼ» ትለዋለች፣ እሱ «ልጄ» ይላታል። ድርጅታቸው ለድግስ አዳራሾች የኢንተርኔት ገጽ ይሠራል። ዶሜይኑን «ቤታችን.ኮ.አይኤል» ብለን እንጥራው። አንድ አዳራሽ ሲመጣ «አዳራሽ.ቤታችን.ኮ.አይኤል» የሚል ስም ያገኛል። ደንበኛው ብዙ ነው፤ ለእያንዳንዱ ስም ዞን ከፍቶ መስመር መጨመር አድካሚ ሆነ። ስለዚህ ጋሼ ከዓመታት በፊት በዞኑ ውስጥ አንዲት መስመር ጻፈ፦ ኮከብ ምልክት፣ ነጥብ፣ «ቤታችን.ኮ.አይኤል»፣ ከዚያም የሰርቨሩ አድራሻ። ይህቺ ናት ዋይልድካርድ የሚሏት።

ዋይልድካርድ ምን ትሠራለች? በመንደር መካከል ቆሞ ስም የሚጠራ ሰው አስቡ። ባለቤቱ ካለ ራሱ ይመልሳል። ባለቤት የሌለው ስም ሲጠራ ግን አንዲት ሴት ከዳር ሆና «አቤት» ትላለች። ኮከቧ እሷ ናት። ሰርቨሩ የተጠየቀውን ስም በዞኑ ውስጥ ሲያጣው «የለም» ከማለቱ በፊት ኮከብ መኖሯን ያያል፤ ካለች የእሷን አድራሻ በተጠየቀው ስም ላይ አድርጎ ይሰጣል። ጠያቂው መልሱ ከኮከብ መምጣቱን አያውቅም።

ኮከቧ የትናንት ፈጠራ አይደለችም። ፖል ሞካፔትሪስ ዲኤንኤስን በ1983 ሲያቀርብ፣ በ1987ም አርኤፍሲ 1034 እና 1035 በሚባሉት ሰነዶች ሲያጸናው ሕጓ አብሮ ተጽፏል። ሕጉ አጭር ቢሆንም ሰው ሁሉ በየራሱ ተረጎመው። በ2006 ኤድ ሉዊስ አርኤፍሲ 4592 በሚል ቁጥር ስለ ኮከብ ብቻ የሚናገር ሰነድ እስኪጽፍ ድረስ የሰርቨር ሠሪዎች እንኳ የማይስማሙበት ነገር ነበረ። እኔ ይህን ሰነድ ዞን የሚጠብቅ ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ሊያነበው ይገባል እላለሁ፤ ብዙ ሌሊት ያድናል።

ወደ ኔታንያ እንመለስ። አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ። በሐሙስ ማታ ሰርግ ይበዛል። የአዳራሹ አስተዳዳሪ ናቸው፣ ጠና ያሉ ሴት።

«ልጄ፣ የሰርጉ ገጽ ጠፋብኝ! እንግዳው መንገድ የሚያይበት፣ መምጣቱን የሚያረጋግጥበት ገጽ ነው። ሬሖቮት ያለችው የሙሽራዋ አክስት ይከፈትልኛል ትላለች። ለእኔ ግን የለም ይለኛል።»

«እትዬ፣ አሁኑኑ አየዋለሁ» አለች ወጣቷ። ከራሷ ኮምፒውተር ሞከረች፤ ገጹ ቁጭ ብሏል። በሽታው የለም። ሴትየዋ ደግሞ እየማሉ ነው። ሁለት ሰዓት ያህል ቆይቶ ለእሳቸውም ተከፈተ፤ ማን እንዳዳነው አልታወቀም።

እንዲህ ያለ ብልሽት ከሁሉ ይከፋል። ጨርሶ የተሰበረ ነገር ቆሞ ይጠብቅሃል፤ መጥቶ የሚሄደው ግን ደንበኛህን ውሸታም፣ አንተን ደግሞ ቸልተኛ ያስመስላል። ወጣቷ የቅሬታ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠች። ከሁለት ወር በፊት ያው አዳራሽ ያንኑ ብሏል። ከዚያ ሁለት ወር ቀድሞም እንዲሁ።

«ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብላ ጠራችው።

ጋሼ መጀመሪያ የተለመዱትን በሽታዎች አንድ በአንድ አስወገደ። በዞኑ ፋይል ውስጥ ከስሙ መጨረሻ ነጥብ ተረስቶ እንደሆነ አየ፤ ያቺ ነጥብ ከጠፋች ሰርቨሩ የዞኑን ስም ደግሞ ይቀጥልበትና «ቤታችን.ኮ.አይኤል.ቤታችን.ኮ.አይኤል» የሚል ጉድ ይወለዳል። ነጥቧ አለች። ኮከቧ በስሙ መሐል ገብታ እንደሆነ አየ፤ ኮከብ የምትሠራው በግራ ጫፍ ብቻዋን ስትቆም ነው፣ «ሰርግ» ከሚል ቃል ጋር ብትለጠፍ ተራ ፊደል ትሆናለች። ቦታዋ ትክክል ነው። ከዚያ ዲግ በምትባለው መሣሪያ ዋናውን ሰርቨር በቀጥታ፣ በመሐል ያለ ካሽ፣ ማለትም ቀድሞ የተያዘ መልስ፣ ሳይገባበት ጠየቀ። ማንም ያልጻፈውን፣ ዝም ብሎ የተደረደረ ስም ጠየቀ፤ ኮከቧ መለሰች። ራሷን ኮከቧንም በስሟ ጠየቃት፤ መለሰች።

«ልጄ፣ ለዚህ አዳራሽ ከሌሎቹ የተለየ ነገር አድርገንለታል?»

አሰበች። አዎ፣ አንድ ነገር አለ። አዳራሹ ለእያንዳንዱ ሰርግ የራሱ ስም እንዲኖረው ፈልጎ ነበር፤ «ሰርግ12.አዳራሽ.ቤታችን.ኮ.አይኤል» የሚል። በዲኤንኤስ በኩል ችግር የለበትም፤ ኮከቧ አንድ ክፍል ብቻ ሳይሆን ከእሷ በስተግራ ያለውን የፈለገውን ያህል ክፍል ትሸፍናለች። ገጹ የእውነት የዚያ ስም መሆኑን ለብራውዘር የሚያረጋግጠው ሰርተፍኬት ግን እንዲህ አይደለም። የሰርተፍኬት ኮከብ የምትሸፍነው አንድ ክፍል ብቻ ነው፤ ነጥብ አትሻገርም። ስለዚህ ወጣቷ ለአዳራሹ ብቻ ከሌትስ ኢንክሪፕት ሌላ የኮከብ ሰርተፍኬት አውጥታለታለች። ሌትስ ኢንክሪፕት ከ2018 ጀምሮ የኮከብ ሰርተፍኬት በነፃ ይሰጣል፤ በአንድ ቅድመ ሁኔታ፦ የዶሜይኑ ባለቤት መሆንህን በዲኤንኤስ ውስጥ ምልክት ጽፈህ አሳይ። ምልክቱ «አክሚ ቻሌንጅ» በሚል ስም፣ ከአዳራሹ ስም በስተግራ የሚቀመጥ የቲኤክስቲ ሬከርድ ነው። ሰርተፍኬቱ 90 ቀን ያገለግላል፤ ፕሮግራሟ በየ60 ቀኑ ራሷ ታድሳለች፣ ምልክቱን ትጽፋለች፣ ሲረጋገጥላት ትሰርዘዋለች።

ጋሼ ዝም አለ። ቀጥሎ የዞኑን ተራ ቁጥር ታሪክ ከፈተ፤ ዞን በተለወጠ ቁጥር ይህ ቁጥር ይጨምራልና። በዚያ ሐሙስ ስልኩ ከመጮሁ ቀደም ብሎ ቁጥሩ አንዴ ጨምሯል፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ጨምሯል። ምልክቱ ተጽፎ ተሰርዟል ማለት ነው። ከሁለት ወር በፊትም በቅሬታው ቀን እንዲሁ።

«ነይ፣ ተቀመጪ» አላት። የሙከራ ዞን ከፈተና የቲኤክስቲ ምልክቱን በእጁ ጻፈ። የአዳራሹን ስም በዲግ ጠየቀ። መልሱ መጣ፦ ሁኔታው «ኖኤረር»፣ የመልስ ብዛት 0። ስህተት የለም ይላል፣ መልስ ግን አልሰጠም። «ሰርግ12» የሚለውን ጠየቀ። ይኼኛው ይባስ ብሎ «ኤንኤክስዶሜይን» አለ፤ እንዲህ ያለ ስም ከነጭራሹ የለም።

«እንዴት? ኮከቧ እኮ ቦታዋ ላይ ናት!»

የነገሩ ሥር ይኼው ነው፤ ጆሯችሁን ስጡኝ። ኮከብ የምትናገረው ባለቤት ለሌለው ስም ብቻ ነው ብያለሁ። «አክሚ ቻሌንጅ» የሚለው ስም ከ«አዳራሽ» በስተግራ ሲጻፍ፣ «አዳራሽ» የሚለው ስም ራሱ ሳይጻፍ ይወለዳል፤ ልጅ ያለው ስም የለም ሊባል አይችልምና። ሬከርድ የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ባዶ ነው። ቢሆንም አለ። ስላለ ኮከቧ አትመልስለትም፤ ስለዚህ «ኖኤረር፣ 0»። ከሥሩ የሚጠየቁት ሰርጎች ደግሞ ከእንግዲህ ቅርብ ወላጃቸው «አዳራሽ» ነው፤ ሰርቨሩ ኮከብ የሚፈልገው ከ«አዳራሽ» በስተግራ ብቻ ነው፣ ወደ ላይ ወጥቶ የሩቋን ኮከብ አይጠራም። እዚያ ደግሞ ኮከብ አልተጻፈም። «የለም» ይላል።

ይህ የሰርቨሩ ብልሽት አይደለም፤ በ1987 የተጻፈው፣ በ2006 የተብራራው ሕግ በትክክል ሲፈጸም ነው።

«ምልክቱ እኮ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው» አለች ወጣቷ። «ለምን ሰዓታት ፈጀ?»

ምክንያቱ «የለም» የሚለው መልስም በካሽ ይቀመጣል። አርኤፍሲ 2308 በ1998 ይህን ሕግ አድርጎታል፤ የቆይታው ጣሪያ በዞኑ ራስጌ ባለው ኤስኦኤ ሬከርድ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ቁጥር ነው። የእነሱ ዞን 10800 ይላል፣ በሰከንድ፤ ያ 3 ሰዓት ነው። በእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች የአስተዳዳሪዋ የኢንተርኔት አቅራቢ ሰርቨር ጠይቆ «የለም» ከተባለ፣ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ደግሞ ሳይጠይቅ ያንኑ ይደግማል። የሬሖቮቷ አክስት የምትጠቀምበት ሰርቨር ደግሞ ጥሩውን መልስ ቀድሞ ይዞ ነበርና ምንም አልነካት። ሁለቱም ሴቶች እውነት ተናግረዋል።

ማረሚያው አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ጋሼ «አዳራሽ» ለሚለው ስም ግልጽ አድራሻ ጻፈ፤ ከሥሩም ለእሱ ብቻ የምትሆን ኮከብ አቆመ። ምልክቱ ቢጻፍ ቢሰረዝ ከእንግዲህ የሚጠፋ ነገር የለም። የኤስኦኤውን ቁጥርም ወደ 300 አወረደው፤ ወደፊት ሌላ ነገር ቢሳሳት ስህተቱ በ5 ደቂቃ እንዲረሳ።

ይህ ኮከብ መናገር ሲገባት ዝም ያለችበት ነው። ዝም ማለት ሲገባት የተናገረችበት ታሪክ ግን የዓለም ነው፤ ጋሼ ለወጣቷ ነግሯታል፣ እኔም ለእናንተ እነግራለሁ።

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. የ«.ኮም» እና የ«.ኔት» መዝገብ ጠባቂ የሆነው ቬሪሳይን በሁለቱም ዞኖች ራስ ላይ ኮከብ ተከለ። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ማንም ያልተመዘገበ ወይም ፊደሉ የተሳሳተ የ«.ኮም» ስም ቢጽፍ «የለም» አይባልም፤ 64.94.110.11 ወደሚል አድራሻ፣ ሳይት ፋይንደር ወደተባለው የኩባንያው ገጽ ይወሰዳል። ጥፋቱ ወዲያው ታየ። አይፈለጌ ደብዳቤ የሚያጣሩ ፕሮግራሞች የላኪው ዶሜይን መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ ነበር፤ አሁን ሁሉም «አለ» ሆነ። የተሳሳተ አድራሻ የተጻፈበት ኢሜይል ድሮ ከላኪው ዘንድ ይቆም ነበር፤ አሁን ወደ ቬሪሳይን ሰርቨር ተጉዞ ነው የሚመለሰው። ባይንድ የተባለው የዲኤንኤስ ሰርቨር ፕሮግራም ሠሪዎች በቀናት ውስጥ ኮከቡን ችላ የሚል ማስተካከያ አወጡ፤ የኢንተርኔት አርክቴክቸር ቦርድም አደጋውን በጽሑፍ አስረዳ። የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን ኦክቶበር 3 ቀን ይነሣ ብሎ አዘዘ፣ በማግስቱ ተነሣ። ቬሪሳይን በ2004 አይካንን ከሰሰ፤ ኮከቡ ግን ወደ «.ኮም» አልተመለሰም። ቆየት ብሎም አይካን አዲስ ለሚከፈቱ ከፍተኛ ዶሜይኖች በውሉ ኮከብን ከለከለ።

ትምህርቱ ለትንሹም ዞን ይሠራል። ጋሼ ለወጣቷ ያሳያት ሌላ ነገር አለ፦ በቢሮው ኮምፒውተሮች ላይ ስም ሲያጥር ወይም ሲታጣ «ቤታችን.ኮ.አይኤል» እንዲቀጠል የሚያዝ የፍለጋ መስመር ነበር። ዞኑ ኮከብ ስላለው፣ የተቀጠለው ስም ሁሉ መልስ ያገኛል፤ በስህተት የተጻፈ የሌላ ድርጅት ስም እንኳ ወደ ራሳቸው ሰርቨር ይመጣል። ኩበርኔቲስ የምትጠቀሙ ደግሞ ይበልጥ ተጠንቀቁ፤ እዚያ ልማዱ 5 ነጥብ የማይሞላውን ስም በመጀመሪያ በፍለጋ መስመሩ መሞከር ነውና፣ በመስመሩ ውስጥ ኮከብ ያለበት ዞን ካለ የውጭ አገልግሎት ጥሪያችሁ በር ሳይወጣ ወደ ቤት ይመለሳል። ጋሼ መስመሩን አጠፋው።

እኔ በበኩሌ «የለም» የሚለው መልስ ሊከበር የሚገባው አገልግሎት ነው ባይ ነኝ። ኢሜይል፣ ማጣሪያ፣ የፊደል ስህተት የሚያርም ፕሮግራም ሁሉ በእሱ ላይ ይቆማል፤ በኮከብ የሚሸፍነው ሰው የሚሸፍነውን ያህል ማወቅ አለበት።

እንግዲህ በኔታንያም በአዲስ አበባም ዞን የምትጠብቁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ዛሬውኑ ዞናችሁን ክፈቱ። ኮከብ ካለበት፣ ከኮከቧ ሥር በራሱ ስም የተጻፈ ሬከርድ ሁሉ ፈልጉ፤ ኢሜይል ብቻ የተጻፈለት፣ ምልክት ብቻ የተጻፈለት ስም ካለ፣ ኮከቧ ለእሱ አድራሻ አትሰጥምና አድራሻውን ራሳችሁ ጻፉለት። ደንበኛ «ለእኔ ጠፋ» ሲላችሁም ለእናንተ ስለተከፈተ ብቻ ስልኩን አትዝጉ፤ ዋናውን ሰርቨር በዲግ ጠይቁ፣ «ኖኤረር 0» እና «ኤንኤክስዶሜይን» ለይታችሁ መዝግቡ፣ የዞኑንም ተራ ቁጥር ሰዓት ከቅሬታው ሰዓት ጋር አስተያዩ።