የጡንቸኞቹ አውቶሞቢሎች ጥንተ ተፈጥሮና ዋጋ

አሜሪካውያን «መስል ካር» የሚሏቸው ጡንቸኛ አውቶሞቢሎች፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ የደንብ ማምለጫ ልጆች ናቸው። ጄኔራል ሞተርስ ለመካከለኛ መኪኖች ከ330 ኪዩቢክ ኢንች የበለጠ ሞተር እንዳይገጠም ደንግጎ ሳለ፣ የቅርንጫፉ የፖንቲያክ መሐንዲስ ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ፣ ድንጋጌው የሚከለክለው አዲስ ሞዴልን እንጂ ገዢው ወድዶ የሚያስጨምረውን ዕቃ አይደለም በሚል ብልሃት፣ ቴምፔስት በተባለችው ትሑት መኪና ውስጥ 389 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር አስገብተው የ1964ን ጂቲኦ አወጡ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)።

ፎርድና ክራይስለርም በዚሁ ፉክክር ውስጥ ገቡ። ገዢዎቹ ግን አብዛኞቹ ጎረምሶች ነበሩና ሞተሩ ሲቃጠል ሌላ ተገጠመ፣ ፓራፋንጎው ሲጨፈለቅ በተገኘው ቀለም ተቀባ። ከዚያ የኢንሹራንሱ ክፍያ ናረ፣ በ1970 የአየር ንጽሕና ሕግ ጠበቀ፣ በ1973 የነዳጁ ማዕቀብ ደረሰ፤ የተረፉትም በርካሽ ከእጅ ወደ እጅ ተንከራተቱ።

ጥንተ ተፈጥሮን፣ ማለትም ከፋብሪካ እንደወጡ መቆየትን፣ ዛሬ ውድ ያደረገው ይኸው የዚያን ጊዜው ቸልተኝነት ነው። አንድን ክራይስለር የሚመረምር ዐዋቂ በመጀመሪያ በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር ያመሳክራል፤ ቀጥሎም የኋላውን መቀመጫ አንሥቶ በሞላዎቹ መካከል በእጁ ይዳስሳል፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ለመኪናው ምን ቀለም፣ ምን ሞተር፣ ምን ካምቢዮ እንደታዘዘለት የሚዘረዝረውን ወረቀት ሥራቸው ሲያበቃ ብዙ ጊዜ እዚያው ይተዉት ነበርና። አይጥ ያልጨረሰው ብጫቂ ከተገኘ የመኪናው መዝገበ ልደት ሆኖ ይቆጠራል። ከዓይነቱ ጥቂት ብቻ የተሠራው የ1971 ፕሊመዝ ኩዳ፣ ሄሚ ሞተር ያለውና ጣራው የሚታጠፈው፣ በ2014 በሲያትል ጨረታ 3.5 ሚሊዮን ዶላር አውጥቷል።

ቀድሞ ግን ገበያው የሚያከብረው የታደሰውን ነበር፤ የእጅ ባለሙያዎችም ፋብሪካው እንኳ ያልሰጠውን ጌጥና መስታወት የመሰለ ቀለም ያለብሱት ነበር፤ እንዲህ ያለው እድሳት ለእኔ የቅዱሱን ገድል በፈጠራ ተአምር ከሚያዳብር ጸሐፊ ሥራ አይለይም። ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው የ1968 ፊልም በሳን ፍራንሲስኮ ዳገቶች ላይ የነዳው አረንጓዴ ሙስታንግ ግን ከዚህ አመለጠ። በ1974 አንድ የኒው ጀርሲ ሰው በ6,000 ዶላር ገዛው፤ ሚስቱም ወደ ሥራዋ የምትመላለስበት የቤት መኪና ሆነ። በ1977 ማክዊን ራሱ መኪናውን እንዲሸጥለት በደብዳቤ ቢጠይቅም አልተሳካለትም፤ በ1980ም ፍሪሲዮኑ ሲበላሽ መኪናው ቆመ። ከብዙ ዓመት በኋላ የገዢው ልጅ መኪናው እንዲነሣ ያህል ሞተሩን ቢያስተካክልም ገላውን አላሳደሰም። ስለዚህ በጥር 2020 በፍሎሪዳ ኪሲሚ ለጨረታ ሲቀርብ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ገላው የተቦጫጨረ፣ ለፊልሙ ካሜራ ከሥሩ የተበየዱት ብረቶችም ሳይነቀሉ ያሉበት ነበር፤ ከነኮሚሽኑም በ3.74 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ።