ሥጋው ለሁሉ፣ ወንበሩ ለወንድ

ስማቸው የገነነው የኒውዮርክ ስቴክ ቤቶች ሲነሡ ወሬው ሁሉ ስለ ሥጋው ነው፤ ስንት ሳምንት እንደ ቆየ፣ ከየትኛው ብልት እንደ ወጣ፣ በስንት ዶላር እንደ ተሸጠ። እኔ ግን የእነዚህ ቤቶች ታሪክ ከሁሉ በፊት የወንበር ታሪክ ነው ባይ ነኝ። ወንድና ሴት ጓደኛሞች ተጠራርተው፣ አንድ ትልቅ ስቴክ መሃል አስቀምጠው የሚያመሹበት ልማድ ዛሬ ሲታይ ከጥንት የነበረ ይመስላል። ግን አልነበረም። በአቤቱታ፣ በክስ፣ በመጨረሻም በሕግ የመጣ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የልማዱ ሥር ያለው ከሀብታም ሳሎን ይልቅ በምድር ቤትና በቢራ አዳራሽ ውስጥ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ኒውዮርክ ውስጥ ቢፍስቴክ የሚባል ግብዣ ነበር። ጠሪዎቹ የሰፈር ፖለቲከኞች፣ የሙያ ማኅበራትና ክበቦች ናቸው። ጋዜጠኛው ጆሴፍ ሚቸል በ1939 በኒውዮርከር መጽሔት ላይ እንደ ጻፈው፣ ተጋባዡ የባለ ሥጋ ቤት ሽርጥ አገልድሞ ይቀመጣል፤ ቢላና ሹካ የለም። ሽንጡ ፍም ላይ ይጠበስና ይቆራረጣል፤ በቀለጠ ቅቤ ተለውሶ፣ በቁራሽ ዳቦ ላይ ተደርጎ በትሪ ይዞራል። የከተማው ሹምም ሆነ ሉካንዳ ነጋዴው ያንኑ ሽርጥ ለብሶ በእጁ ይበላል። አገራችን ሥጋ ቤት ተሰብስቦ ቁርጥ የበላ ሰው የዚህን ማዕድ ጣዕም ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። እኩልነቱ እውነተኛ ነበር፤ የተዘረጋው ግን በወንዶች መካከል ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል፤ ስቴክ ቤትን የፈጠረው ባቡርና በረዶ ነው የሚል። መሠረት ያለው ተቃውሞ ነው። ታላቁ የቺካጎ የከብት ገበያ በ1865 መጨረሻ ተከፈተ፤ በ1870ዎቹ ማብቂያ ላይ ደግሞ ጉስታቨስ ስዊፍት የተባለ ነጋዴ በበረዶ የሚቀዘቅዝ ፉርጎ አሠርቶ የታረደ ሥጋ ወደ ምሥራቅ ከተሞች ይልክ ጀመር። ከዚያ በፊት ከብቱ በቁሙ ይጫናል፤ መንገድ ላይ ይከሳል፤ ለቀንዱም፣ ለቆዳውም፣ ለሆድ ዕቃውም የማጓጓዣ ይከፈላል። ፉርጎው ያን ወጪ ሲያስቀር ጥሩ ሥጋ ለብዙ ሰው የሚደርስ ሆነ። ስቴክ ቤቶቹ ኪንስ በ1885፣ ፒተር ሉገር በ1887 መከፈታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሆኖም ባቡሩ ሥጋውን ከተማ ድረስ አመጣ እንጂ ከበሩ ላይ ማን ይግባ፣ ማን ይመለስ የሚለውን አልወሰነም። ያን የወሰነው ሰው ነው።

ማስረጃው በከተማው ምግብ ቤቶች ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በሚያዝያ 1868 የኒውዮርክ ጋዜጠኞች ለእንግሊዛዊው ደራሲ ለቻርልስ ዲከንስ በዴልሞኒኮ ምግብ ቤት የስንብት ራት አዘጋጁ። ራሷም ጋዜጠኛ የሆነችው ጄን ከኒንግሃም ክሮሊ ልግባ ብትል በሴትነቷ ተከለከለች። እሷና ጓደኞቿ ሶሮሲስ የተባለ የሴቶች ማኅበር መሥርተው በዚያው ወር፣ በዚያው ቤት፣ አንድም ወንድ ሳያጅባቸው ምሳ በሉ። ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ ያኔ ግን የተከበረች ሴት ያለ ወንድ አጃቢ ትልቅ ምግብ ቤት ገብታ ልትቀመጥ አትችልም ነበር። በ1905 ደግሞ ተዋናይቷ ሊሊ ላንግትሪ ለወንዶች ብቻ በነበረው በኪንስ አላስተናግድም ስትባል ከሳ ረታች፤ ቤቱም ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ በኩራት ይተርካል። ያም ሆኖ የአንዲት ዝነኛ ሴት ድል ለሌሎቹ በሩን አልከፈተም። በምግብ ቤቶች የዘር መድልዎን በመላ አሜሪካ የከለከለው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ እንኳ ስለ መስተንግዶ በሚናገረው ክፍሉ ጾታን አልጠቀሰም። የኒውዮርክ ከተማ በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች በጾታ መለየትን የከለከለው በ1970 ነው፤ በዚያው ዓመት አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ማክሶርሊ የተባለው አሮጌ መጠጥ ቤት ሴቶችን መከልከል አይችልም ሲል ፈረደ። ከሶሮሲስ ምሳ እስከዚያ ድረስ 102 ዓመት አለፈ።

በሩን የዘጋው ዋጋ ነው የሚል ካለ ላንግትሪን ያስታውስ። ገንዘብም ዝናም ነበራት፤ የተከለከለችው ስለ ሴትነቷ ነው። ዛሬ ዋጋው ራሱ በር መሆኑን አልክድም፤ አንድ ራት የብዙ ሠራተኛ የቀን ገቢ የሚበላበት ቤት ለሁሉ ክፍት ነው ማለት አይቻልም። የገንዘብ እጥረት ግን ተቆጥቦም፣ ተዋጥቶም ሊታለፍ ይችላል። ሴት መሆን በመዋጮ የሚታለፍ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ግን ማዕዱ ሴቶች ሲገቡበት ተበላሸ የሚለው ሐዘን ነው። በ1920 አሜሪካዊት ሴት በሕገ መንግሥቱ የመምረጥ መብቷ ሲጸና ፖለቲከኞቹ ድምፅ ፈልገው ሴቶችን ወደ ቢፍስቴኩ ይጠሩ ጀመር። ሹካና ቢላ ቀረበ፤ ሰላጣና ፍራፍሬ መጣ፤ የዳንስ ሙዚቃ ተጨመረ። ሚቸል ያነጋገራቸው የድሮ ሰዎች በዚህ አዝነዋል፤ የእሱም ልብ ከእነሱ ጋር እንደ ነበር ጽሑፉ ያሳብቃል። ሐዘናቸውን አልንቅም፤ በእጅ መብላት የሚሰጠው መቀራረብ አለ። ግን ያ መቀራረብ ሴት ስትቀመጥ የሚጠፋ ከነበረ ምን ያህል ጽኑ ነበር? መልሱን በሰሜን ኒው ጀርሲ እናገኛለን። እዚያ ቢፍስቴኩ ለእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞችና ለማኅበራት ገንዘብ ማሰባሰቢያ ሆኖ ቀጥሏል፤ ወንዱም ሴቱም ሥጋውን እየበላ ዳቦውን ስንት እንደ በላ መቁጠሪያ እንዲሆነው ከፊቱ ይቆልላል።

ብሩክሊን ያለው ፒተር ሉገር ደግሞ ነገሩን ከጓዳው በኩል ያሳያል። እዚያ ስቴክ የሚታዘዘው በሰው ቁጥር ነው፤ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት። ተቆራርጦ ይመጣል፤ ቅቤውና የሥጋው መረቅ ወደ አንድ ጎን እንዲጠራቀም ሳህኑ ዘንበል ተደርጎ ይቀመጣል፤ ከዚያ ሁሉም ከአንድ ሳህን ይነሣለታል። ቤቱን በ1950 በጨረታ የገዛው ሶል ፎርማን ነው። ሥጋ መምረጡን የያዘችው ግን ባለቤቱ ማርሻ ፎርማን ናት። ከአንድ ጡረታ ከወጣ የመንግሥት የሥጋ ደረጃ መዳቢ ዘንድ ተምራ፣ ወንዶች በሞሉበት የጅምላ ሥጋ ገበያ እየዞረች የጮማውን አሠራርና የሥጋውን ቀለም አይታ ትመርጥ ነበር። ከእሷም በኋላ ሥራውን ሴት ልጆቿና የልጅ ልጇ ተረከቡት፤ በመረጡት ሽንጥ ላይም የቤቱን ማኅተም ያሳርፉበታል።