ከእንዶድ እስከ በረኪና፦ የልብስ ማጠቢያና የጨጓራ ጉዳት በቢቸናና በሞጣ

የአንድ አገር ታሪክ በነገሥታትና በጦርነት ብቻ የሚጻፍ አይደለም፤ በየቤቱ ጓዳ የሚቀመጠውም ነገር የራሱ ታሪክ አለው። በቀድሞው አጠራር የቢቸናና የሞጣ አውራጃዎች ይባል በነበረው፣ ዛሬ በምሥራቅ ጎጃም ዞን ውስጥ በሚገኘው አገር፣ ሸማ ለብዙ ዘመን ሲታጠብ የኖረው በእንዶድ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲመታም እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል።

እንዶድ ግን ጉዳት የሌለበት አይደለም። አረፋውን የሚሰጠው ሳፖኒን የተባለው ንጥረ ነገር ቢዋጥ ጨጓራን ያስቆጣል፤ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ሲበዛም ይገድላል። ኃይሉን በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በአድዋ አስተዋሉ፤ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ፣ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች በወንዙ ውስጥ ሞተው አገኙ። ሆኖም እንዶድ በመልኩና በጣዕሙ ራሱን ስለሚያስታውቅ፣ ውሃ ነው ብሎ የሚጨልጠው ሰው በቀላሉ አይገኝም።

በኋላ ሳሙና፣ ቀጥሎም በረኪና ወደ ገበያ ገባ። በረኪና ውሃ ይመስላል። ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በለስላሳ ጠርሙስ ወይም በተለምዶ «ሃይላንድ» በሚባለው የውሃ ፕላስቲክ ሲቀመጥ፣ የተጠማ ሕፃን ከመጠጥ ሊለየው አይችልም። ጉዳቱ እንደ ብርታቱና እንደ መጠኑ ነው። ቀጠን ያለው አፍና ጉሮሮን አቃጥሎ ሊያልፍ ይችላል። እንደ ኮስቲክ ሶዳ ያለው ብርቱ አልካሊ የምግብ ቧንቧን ሥጋ እያሟሟ ዘልቆ ይገባል፤ የባትሪ አሲድ ደግሞ በተለይ የጨጓራን መውጫ ያቆስላል። ቁስሉ ከሳምንታት በኋላ ሲጠግግ መተላለፊያውን ያጠበዋል፤ ስለዚህ የዳነ የመሰለው ሕመምተኛ የበላውን መመለስ ይጀምራል።

መከራው የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ቼቫሊየር ጃክሰን የተባሉ ሐኪም ኮስቲክ ሶዳ የዋጡ ሕፃናትን ሲያክሙ ኖረው፣ ማከም ብቻ እንደማይበቃ ስለ ተረዱ ሕግ እንዲወጣ ተሟገቱ። በ1927ም በእንዲህ ያሉ ዕቃዎች መያዣ ላይ «መርዝ» ተብሎ እንዲጻፍ የሚያዝ ሕግ ወጣ።

ነገር ግን በረኪናው ወደ ሌላ ጠርሙስ ሲገለበጥ ጽሑፉ በፊተኛው ዕቃ ላይ ይቀራል። እንግዲህ በቢቸናና በሞጣ ቤቶች ሕጉን የሚፈጽመው ልማድ ነው፤ ይኸውም የመጠጥ ዕቃን ለመጠጥ ብቻ ማድረግ ነው። የዋጠውንም ሰው በግድ ማስመለስ አይገባም፤ ሲመለስ ያለፈበትን መንገድ ሁለተኛ ያቃጥላልና። አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ፈጥኖ ሐኪም ቤት ይድረስ።