የጋራዥ አማርኛ አመጣጥ፤ በአንድ የተንተፋተፈ ሞተር መነሻነት

በ1900 ዓ.ም. ቤዴ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢሉን ይዞ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፣ አማርኛ ለዚያ ዕቃ ክፍሎች መጠሪያ አልነበረውም። ዛሬ አንድ መካኒክ በካርቡራቶር የሚሠራ አሮጌ ፒካፕ መኪና ፊት ቆሞ የሚናገረውን ብናዳምጥ ግን፣ ከጌታ ወደ ተለማማጅ በቃል ሲተላለፍ የኖረ የተሟላ የሙያ ቋንቋ እናገኛለን። ይህ ቋንቋ በመዝገበ ቃላቶቻችን ውስጥ ያገኘው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው።

የስሞቹን አመጣጥ ብንመረምር ሦስት ንብርብር ይታያል። «ጋራዥ» እና «ሾፌር» ከፈረንሳይኛ የመጡ ናቸው። ከሁሉ የሚበዛው የኢጣልያንኛው ወገን ሲሆን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ሥር ሰድዶ፣ ወራሪው ከወጣ በኋላም ሳይነቀል ቀርቷል፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ሞተሪኖ፣ ቦቢና፣ ማርሚታ፣ ቺንጋ የመሳሰሉት ከዚህ ወገን ናቸው። «ካቻቢቴ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ቢ» በምንጩ ቋንቋ «ቪ» እንደነበረ ልብ ይሏል፤ ቃሉ በአፍ እንጂ በጽሑፍ እንዳልገባ ይህ ለውጥ ይመሰክራል። የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ የእንግሊዝኛው ንብርብር እየወፈረ ሄደ። «ፒካፕ» የዚህ ወገን ነው።

እንግዲህ ስሞቹ ውሰት ሲሆኑ፣ የሞተሩን ሕመም የሚነግሩት ግሦች ግን ፍጹም አማርኛ ናቸው። ሞተር ይንተፋተፋል፤ ይንቀጠቀጣል፤ ይንገራገጫል፤ ያንኳኳል። የሥነ ልሳን ባለሙያ እንደሚያውቀው፣ እነዚህ ግሦች «ተን-» ወይም «አን-» ሳይቀድማቸው አይነገሩም፤ ድምፅንና እንቅስቃሴን በድግግሞሽ የሚስሉ ናቸው። መካኒኩም እንደ ተመሳሳይ አይቈጥራቸውም። መኪናው ቆሞ ሞተሩ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ የካንዴላዎቹን ገመድ አንድ በአንድ እየነቀለ ያዳምጣል፤ ሲነቀል የሞተሩ ድምፅ ካልተለወጠ፣ ሥራ የፈታው ያ ሲሊንደር ነው። ካንዴላውንም ፈትቶ ቀለሙን ያያል፤ ፈዘዝ ያለ ቡናማ የጤና ምልክት ነው፣ ደረቅ ጥላሸት የቤንዚን መብዛትን ያመለክታል፣ የዘይት እርጥበት ካለበት ግን ነገሩ ከበድ ይላል። ነዳጅ ሲረገጥ የሚንገራገጭ ከሆነ ደግሞ ወደ ካርቡራቶሩና ወደ ነዳጁ መስመር ያመራል። አንድ ግሥ መሳት የምርመራውን መንገድ ሁሉ ያስታል ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእርማት የቀረበልን አንድ የተተረጎመ የጥገና መመሪያ፣ ምዕራፉን «ሞተሩ ሻካራ ሲሆን» በሚል ርእስ ይጀምር ነበር። በእንግሊዝኛ ለሻካራ ገጽም ሆነ ለተዛባ የሞተር አሠራር የሚያገለግለው ቃል አንድ ስለሆነ ነው ይህ የተጻፈው። በዚህ ስሕተት ፈገግ ብለን አልፈን ነበር። ከሁለት ገጽ በኋላ ግን «በሰልባትዮው ውስጥ የቆየውን ጋዝ አፍስሰህ አዲስ ጋዝ ሙላ» የሚል ትእዛዝ ገጠመን።

በአሜሪካውያን እንግሊዝኛ ይህ ቃል ቤንዚን ማለት ነው። በአማርኛ ግን ሰው «ጋዝ ግዛ» ሲባል ይዞ የሚመጣው ነጭ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ ነው፤ የግብጽ ዐረብኛም ቃሉን በዚሁ ፍች ያውቀዋል። ላምባ በቤንዚን ሞተር ውስጥ በሚገባ አይተንም፤ በቅዝቃዜ ሞተሩን ለማስነሣት ያስቸግራል፣ ጭነት ሲበዛ ያንኳኳል፣ ሳይቃጠል የቀረውም ወደ ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል። መመሪያው አድናለሁ ያለውን ሕመም ራሱ ሊያመጣው ነበር! ተርጓሚውን ለመውቀስ ግን አንደፍርም። ቃሉን በፊደል አጻጻፉ ይዞ ወደ አማርኛ ሲሻገር ያስቆመው መዝገበ ቃላት አልነበረም።

የ«ናፍጣ» ነገር ከዚህ የባሰ ነው። በኢጣልያንኛ የዕለት ንግግር በዚህ ስም የሚጠራው የዲዝል ነዳጅ በመሆኑ፣ አማርኛም በዚያው ፍች ተቀብሎታል። የኬሚስትሪ መጻሕፍት በተመሳሳይ ስም የሚጠሩት ግን ለቤንዚን የሚቀርበውን፣ ቶሎ የሚተንነውንና በቀላሉ እሳት የሚይዘውን ፈሳሽ ነው። «ቤንዚን» ራሱ በኬሚስትሪ የሌላ ውሑድ ስም ስለሚመስል ጥንቃቄ ይሻል።

ለ«ካንዴላ» ምትክ ይፈጠርለት የሚሉ አሉ። በኢጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው፤ በፊዚክስ ደግሞ የብርሃን ድምቀት መለኪያ ዓለም አቀፍ ስም ሆኗል። እኛ ግን ምትክ አያስፈልገውም ባዮች ነን። የፊዚክስ መምህርና መካኒክ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ አይገናኙም፤ ሁለቱን ፍችዎች በቍጥር ለይቶ ማስቀመጥ ይበቃል። አዲስ ቃል የሚያሻው አደጋ ባለበት ስፍራ ነው። ስለዚህ ያዘጋጀነው የ«ጋዝ» ካርድ እንዲህ ይነበባል፦ 1. ጠጣርም ፈሳሽም ያልሆነ የቁስ አካል ሁኔታ (የሳይንስ)። 2. ነጭ ጋዝ፣ ላምባ (የዕለት ንግግር)። ለተርጓሚ፦ በአሜሪካ የመኪና መመሪያ ውስጥ ሲገኝ «ቤንዚን» ተብሎ ይተርጎም።