የነሐሱ ወፍና ቀረጡ

አንድን ነገር «የጥበብ ሥራ ነው» ብሎ መሰየም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በስያሜው ምክንያት ገንዘብ የሚከፈል ወይም የሚቀር በሆነ ጊዜ የቃሉን ፍች አጥብቆ መመርመር ግድ ይሆናል። እንዲህ ያለው ምርመራ በአሜሪካ አገር በአንድ የጉምሩክ ክርክር ላይ ተደርጓል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ነው።)

በኦክቶበር 1926 ዓ.ም. ኮንስታንቲን ብራንኩዚ የተባለው የሩማንያ ተወላጅ በፓሪስ የሠራቸው ቅርጾች በመርከብ ኒውዮርክ ደረሱ። ከእነርሱም አንዱ «ወፍ በጠፈር» የተሰኘው ነበረ። ይህ ወፍ ክንፍም፥ ላባም፥ እግርም የለውም፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ፥ መካከሉ ጥቂት ወፈር፥ ጫፉ ቀጠን ያለ፥ እንደ መስተዋት የተወለወለ ነሐስ ነው። የ1922 ዓ.ም. የቀረጥ ሕግ የቅርጻ ቅርጽን ሥራ ከቀረጥ ነጻ አድርጎት ነበር። የጉምሩክ ሹማምንት ግን ዕቃውን አይተው ከወጥ ቤትና ከሐኪም ቤት ዕቃዎች ክፍል አገቡትና ከመቶ 40 ቀረጥ ጣሉበት።

በዚህ የሳቁ ብዙዎች ናቸው። እኔ ግን በሹማምንቱ መሳቅ ተገቢ አይመስለኝም። በ1916 ዓ.ም. የተሰጠ ፍርድ፥ የቅርጽ ጥበብ ማለት በተፈጥሮ ያለውን ነገር፥ ይልቁንም የሰውን መልክ አስመስሎ መሥራት ነው ሲል ወስኖ ነበርና፥ እነርሱ በፊታቸው ያለውን ደንብ ጠበቁ። ጉድለቱ የደንቡ ነበረ።

የቅርጹ ባለቤት፥ ፎቶግራፍ አንሺው ኤድዋርድ ስታይከን፥ ይግባኝ አለ። ነገሩ በ1927 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ከዳኞቹ አንዱ፥ ይህን በጫካ ብታየው ወፍ ነው ብለህ ትተኩስበት ነበርን? ሲሉ ጠየቁት፤ እንደማይተኩስ መለሰ። ቀራጺው ጄኮብ ኤፕስታይንም፥ ጎበዝ መካኒክ ይህን ሊሠራው አይችልምን? ተብሎ ቢጠየቅ፥ መወልወሉን ይችላል፥ ማሰቡን ግን አይችልም የሚል ነበረ መልሱ። በእኔ ግምት የክርክሩ ሁሉ ፍሬ ይህ ነው፤ ጥበብነቱን የሚሰጠው የሠሪው አሳብ ነው እንጂ የመልክ መመሳሰል አይደለም።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም። እናቶቻችን የቀሚሱንና የነጠላውን ጠርዝ «ጥበብ» ብለው ሲጠሩ፥ አበባ ወይም ወፍ መስሎ ይገኝ አላሉም፤ የሸማኔው አሳብ በመስመርና በቀለም ተገልጦ ካዩት በቃቸው።

ፍርድ ቤቱ በኖቬምበር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ለስታይከን ፈረደ። ዳኛ ዌይት በጻፉት ፍርድ፥ የተፈጥሮን መልክ ከመቅዳት ይልቅ ረቂቅ አሳብን የሚገልጥ አዲስ የጥበብ ወገን መነሣቱን አመኑ፤ ቅርጹን ከወፍ ጋር ለማዛመድ ቢያስቸግርም፥ ለዐይን ያማረና የባለሞያ ቀራጺ ሥራ መሆኑን ተቀበሉ።

ሆኖም አንድ ነገር ሳይነካ ቀረ። ሕጉ ለአገልግሎት የሚውለውን ዕቃ ከቅርጻ ቅርጽ ክፍል ያስወጣ ነበርና፥ ወፉ ነጻ የወጣው ምንም የማይሠራበት በመሆኑ ጭምር ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣው የጅማ በርጩማ ግን፥ የሠሪው አሳብ የቱን ያህል ቢታይበት፥ ሰው ስለሚቀመጥበት ብቻ በዚያ መዝገብ ቀረጡን ይከፍል ነበር።