ማንነትን ከካሜራ ወደ ካሜራ ማሻገር፦ የብዙ ሰዎች ክትትል እና የልኬቱ ጉዳይ

ምስል ውስጥ ሰው መኖሩን ለይቶ ማወቅ ዛሬ ለኮምፒውተር የሚከብድ ሥራ አይደለም። የሚከብደው፣ አሁን የታየው ሰው ቀደም ሲል በሌላ ካሜራ የታየው ራሱ ነው ወይስ ሌላ ሰው የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ሁለት መልክ አለው። በአንደኛው የተገኘው ውጤት ለሌላው ማስረጃ ሆኖ ሲቀርብ ደጋግሞ ይታያል፤ አግባብ ግን አይደለም።

አንደኛው መልክ የካሜራዎቹ እይታ ሲደራረብ የሚያጋጥመው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ዋይልድትራክ የተባለው የምስል ስብስብ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በዙሪክ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ዋና ሕንጻ ፊት ለፊት የሚተላለፉ እግረኞችን 7 ካሜራዎች በአንድ ጊዜ ቀርጸዋል። የካሜራዎቹ አቀማመጥ በልኬት ከታወቀ፣ የአንድ ሰው እግር ያረፈበትን የምስል ነጥብ በስሌት ወደ መሬቱ ካርታ መመለስ ይቻላል። ከሁለት ካሜራ የተገኙ ነጥቦች ካርታው ላይ አንድ ቦታ ካረፉ ሰውየው አንድ ነው ማለት ነው። ችግሩ ሕዝብ ሲበዛ እግር አይታይም። ራቅ ብሎ ለቆመ ሰው በምስሉ ላይ የጥቂት ፒክስል ስህተት መሬት ላይ ሜትር ሊያህል ይችላል። ፍራንሷ ፍለሬ እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ዘዴ ነገሩን ከሌላኛው ጫፍ ጀመረው፦ መሬቱን በትናንሽ ካሬዎች ከፋፍሎ፣ ሁሉም ካሜራዎች ካሳዩት ተነስቶ በእያንዳንዱ ካሬ ላይ ሰው የመቆሙን ዕድል ያሰላል። በእኔ ግምት የዘርፉ ብልህ ሐሳብ ይህ ነው።

እይታዎቹ ካልተደራረቡ ግን የመሬቱ ካርታ ብቻውን አያዋጣም። በአሜሪካ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በ8 ካሜራዎች ለ85 ደቂቃ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ስብስብ ከ2,700 በላይ ሰዎችን ይዟል፤ ካሜራዎቹም በአብዛኛው የየራሳቸውን ቦታ ነው የሚያዩት። ሰውየው ከአንዱ ወጥቶ ሌላው ጋ እስኪደርስ የሚቀረው መረጃ የመንገዱ ጊዜና የሰውየው መልክ ነው። መልክ ሲባል ደግሞ ፊት አይደለም፤ ከዚያ ርቀት ፊት እምብዛም አይለይም። ሥርዓቱ በዋናነት የሚይዘው የጃኬቱን ቀለም፣ ቦርሳውን፣ ጫማውን ነው። ስለዚህ በማግስቱ ልብስ የቀየረ ሰው እንደ አዲስ ሰው ሊቆጠር ይችላል። በጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ላይ፣ ሁሉም ነጭ ለብሶ ነጠላውን ባጣፋበት፣ እንዲህ ያለው ዘዴ ምን እንደሚገጥመው መገመት አያዳግትም።

የልኬቱ ምርጫ ይህን ድክመት ሊሸፍነው ይችላል። አንድ ሰው በ1,000 ፍሬሞች ውስጥ ሳይቋረጥ ታየ፤ ሥርዓቱ ግን 500ኛው ፍሬም ካለፈ በኋላ ሌላ መለያ ቁጥር ሰጠው እንበል። ለረጅም ጊዜ በሥራ ላይ የቆየው ሞታ የተባለው መለኪያ ይህን እንደ አንድ ስህተት ብቻ ስለሚቆጥረው ውጤቱ 99.9 በመቶ ይሆናል። ከዱክ ስብስብ ጋር ኤርጊስ ሪስታኒ እና ባልደረቦቹ ያቀረቡት አይዲኤፍ1 ግን አንድን ሰው የሚያዛምደው ከአንድ መለያ ቁጥር ጋር ብቻ በመሆኑ ለዚያው ሥራ 50 በመቶ ይሰጠዋል። ሰውየው ከየት ተነስቶ የት ደረሰ ለሚል ጠያቂ ትርጉም ያለው ሁለተኛው ነው።

የዱክ ስብስብ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2019 ከአገልግሎት ተነሥቷል። ዩኒቨርሲቲው ቀረጻው ከተፈቀደለት ወሰን መውጣቱን፣ ዳታውም ያለ በቂ ጥበቃ ለማንም ክፍት መደረጉን አምኗል። የተቀረጹት በአብዛኛው በግቢው የሚመላለሱ ተማሪዎች ነበሩ። ፋይሉ ከድረ ገጹ ቢነሣም ቀደም ብለው በወሰዱት ሰዎች እጅ ያለው ቅጂ አብሮ አልጠፋም። ተማሪዎቹ ፈቃዳቸውን ሊነፍጉ የሚችሉበት ጊዜ ከመቀረጻቸው በፊት ብቻ ነበር ማለት ነው። አገራችን ውስጥ ለተመሳሳይ ምርምር ካሜራ ለመትከል የሚያስብ ባለሙያ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ማንበብ ያለበትም አንዲት ፍሬም ሳይቀርጽ ነው።